ሎሚ እስከ ወንዙ ትሂድ

ከመናኸሪያው በላይ ባለው የቆርቆሮ አጥር በኩል ሳልፍ የዱቄት ሙጫ ሸተተኝ። የፉርኖ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ እሳት ላይ ሲወፍር፣ ከድስቱ ሥር ትንሽ አረር ሲል የሚሰጠው ሽታ ነው። ዛሬ ማስታወቂያ ሁሉ በፕላስቲክ ባነር ሆኖ ከመብራት እንጨት ጋር ስለሚታሰር ያንን ሽታ ካሸተትኩ ስንት ዘመኔ። እግሬ በራሱ ቆመ። ያኔ፣ እኔ ገና ጀማሪ አስተማሪ ሳለሁ፣ ነቀምቴ ቴያትር ሊታይ መሆኑን ቀድማ የምታውቀው በዚህ ሽታ ነበር። ሻይ ዐሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ ዐሥር ሳንቲም፣ የቴያትር መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም። ወንዶቹ እግሩ መንገድ የሚጠርግ የቴትሮን ሱሪ ይለብሳሉ፤ እኛ ሴቶቹ ጉልበታችንን የምታሳይ ጉርድ ለብሰን፣ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ነጠላውን ዝቅ እናደርጋለን። ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ የስፌት መኪናው ይንቀጫቀጫል፤ ከሻይ ቤቱ ቴፕ ያው አንድ ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ይዘፍናል። ክሩ ሲላላ በእርሳስ እናጠነጥነው ነበር።

ሙጫውን የምትቀባው ሃዊ ነበረች። እናቷን አስተምሬያለሁ። ሃዊ በስልኳ አጫጭር ድራማ እየቀረጸች የምታወጣ፣ ሰውም የሚያይላት ልጅ ናት፤ ዘንድሮ ደግሞ መድረክ አማራት። የምትለጥፈውን ወረቀት ጠጋ ብዬ አየሁት። ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ቀይ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ከላይ በኦሮምኛ «ሎሚና ፈይሳ» ይላል፤ ከሥሩ በአማርኛ «በሠርግ የሚያበቃ የፍቅር ታሪክ»። ደሜ ፈላ። ሎሚ በሠርግ አላበቃችም፤ ሎሚን ዴዴሳ ነው የበላት።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ከዴዴሳ ወንዝ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ከብት በሚያጠጡበት ጨዋማ ምንጭ ተጣሉ፤ በጠቡ አንድ ሰው ሞተ። ሎሚ ከወዲህኛው ቤት፣ ፈይሳ ከወዲያኛው ቤት ይዋደዱ ነበር። መሐላቸው ደም ገባና የሎሚ ወገኖች ለሌላ ሊድሯት ቀን ቆረጡ። ልጆቹ ወንዙ መሐል ተገናኝተው ሊጠፉ ተቃጠሩ፤ እሷ ከዚህ፣ እሱ ከዚያ ገቡ። ጊዜው ክረምት ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ እስከ ጉልበት ነው፣ እስከ ወገብ ነው እያሉ ሄዱና ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ አንድ አጭር ነገር ይቀራል። ከታሪኩ ሁሉ እኔ የምሟገትለት እሱ ነው፤ ነቀምቴ ግን በመድረክ አይታው አታውቅም።

የነገሩን አዴ ጉደቱ ናቸው፤ ቅቤ ነጋዴ የነበሩ ሴት፣ ጎረቤታችን። እናቴ ወሎዬ ናት፤ አባቴ በሥራ ተመድቦ ሲመጣ ተከትላው መጥታ፣ ኦሮምኛን ገበያ ላይ እየተሳሳተች ነው የለመደችው። አዴ ጉደቱ በኦሮምኛ የነገሯትን እናቴ ቤት ገብታ በወሎ አማርኛ ትደግምልናለች። ስትደግመው ግን ዴዴሳ የወሎው ቦርከና ወንዝ ይሆናል፤ ጨዋማው ምንጭ የግጦሽ መስክ ይሆናል፤ ሎሚና ፈይሳም በማግስቱ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ይገኛሉ። አዴ ጉደቱ ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ የዴዴሳ አዞ እጅ የሚተውልሽ መስሎሻል ወይ አሏት። እናቴም አልተበገረች፣ በእኔ ወንዝ አዞ የለም አለቻቸው። ታሪክ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ልብስ እንደሚቀይር የተማርኩት ከሁለቱ ነው። ልብሱን ይቀይር፣ ግድ የለኝም፤ እኔን የሚያጣላኝ አንገቱን ሲቆርጡት ነው።

ቴያትር አድርጌ የጻፍኩት በትምህርት ቤቱ ድራማ ክበብ ስም ነው። በአማርኛ ነበር፤ ያኔ መድረክ በአማርኛ ነው፤ የገባው ላልገባው በኦሮምኛ እያንሾካሾከ ሲተረጉም አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። መብራት ሲጠፋ ማሾ እንሰቅላለን። ዴዴሳን የሠራነው ከሰማያዊ አንሶላ ነው፤ ሁለት ተማሪዎች ከዳርና ከዳር ይዘው ያወዛውዙታል። መድረኩ መስክ እንዲመስል ደግሞ ለምለም ሣር ጎዘጎዝንበት። ጉድ የሠራኝ እሱ ሣር ነው።

በእኛ አገር ሰው ሲጣላ ለምለም ሣር ጨብጦ መሐል የገባን ሽማግሌ እምቢ ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ ዱላህን ትጥላለህ፣ ከዚያ ነገርህን ትናገራለህ። ይህን እዚህ የማያውቅ የለም፣ እኔም አውቃለሁ፤ ብቻ ለቴያትር ይሠራል ብዬ አላሰብኩም። በመጀመሪያው ቀን መድረኩ ላይ ሁለቱ ቤተሰቦች ተማትተው አንዱ ወደቀ፤ የወደቀው ልጅ አባት ሊበቀል ዱላውን አነሣ። በዚህ ጊዜ ከፊተኛው ረድፍ ኦቦ ደበላ ተነሡ፤ እንጨት ነጋዴና በሽምግልና የታወቁ ሰው ናቸው። ካፖርታቸውን ሰብስበው ወደ መድረኩ ወጡ፣ ከጎዘጎዝነው ሣር አንድ እፍኝ አንሥተው በዱላዎቹ መሐል ቆሙ። ሌሎች ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። አባት ሆኖ የሚጫወተው ተማሪ የጎረቤታችን የዲጋ ወረዳ ገበሬ ልጅ ነው፤ በጽሑፉ መሠረት መምታት ነበረበት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ምታ እንጂ፣ ምታ እንጂ እላለሁ። ልጁ ዱላውን ጥሎ አንገቱን ደፋ። ምን ያድርግ፣ አባቱ እንደዚያ አድርጎ ነው ያሳደገው።

ሽምግልናው እዚያው መድረክ ላይ ተካሄደ። የሞተው ልጅም ተነሥቶ ዳር ላይ ቆሞ አዳመጠ። ኦቦ ደበላ ሁለቱን ወገን ሰሙ፣ ካሣ ቆረጡ፣ ሎሚ ለፈይሳ ትሰጥ ብለው መረቁ፤ አዳራሹ እልል አለ። ዴዴሳ ወንዝን የያዙት ልጆች አንሶላቸውን እንደያዙ ቀሩ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብዬ በንዴት አለቀስኩ፤ ሰው ሲወጣ ግን እጄን እየጨበጠ እንዲህ ያለ ቴያትር አይተን አናውቅም ይለኛል። ኑኑ ቁምባ ወረዳ ወስደን ስናሳይም ይኸው ሆነ። ዲጋ ላይ ብልጥ ልሁን ብዬ ሣሩን አስቀረሁና መድረኩ ደረጃ ላይ ፖሊስ አቆምኩ። ጠቡ ሲጀመር ፖሊሱ ራሱ ኮፍያውን አውልቆ ወጣና ገላገላቸው። ከዚያ ወዲያ ጽሑፌን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

ታሪኩ ግን በሻንጣ የሚታሰር አልነበረም። በካሴት ዘመን አንድ ዘፋኝ ወንዙን ብቻ ወስዶ ዜማ አደረገው፤ በየሠርጉ ይጨፈርበት ነበር፣ ሰው በሁለት ልጆች ሞት ትከሻውን ይሰብቃል። በሲዲ ዘመን ደግሞ ፊልም ሆኖ መጣ። ፈይሳ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከአዲስ አበባ ይመለሳል፤ ሎሚን መኪና ይገጫታል። ወንዙስ ብዬ የሠሩትን ልጆች ብጠይቃቸው ውኃ ውስጥ መቅረጽ ውድ ነው አሉኝ። አሁንም በስልክ ላይ በደቂቃ የሚያልቅ ሎሚና ፈይሳ አለ፤ የልጅ ልጆቼ ናቸው ያሳዩኝ። ሁሉንም አይቻለሁ፣ በሁሉም አልቅሻለሁ፤ መዋሸት ምን ያደርግልኛል። በአንዳቸውም ግን ያቺ የመጨረሻዋ ነገር የለችም።

እንግዲህ ሃዊን ሙጫሽን አስቀምጪና እንነጋገር አልኳት። መጀመሪያ የሶፋውን ጉዳይ ጠየቅኋት። አዳራሹንና የድምፅ ማጉያውን የሚከፍለው ተርፋሳ ነው አለችኝ፤ የቤት ዕቃ ነጋዴው። ሠርግ ካለ ሶፋ አለ፣ ሶፋ ካለ ተርፋሳ አለ። ሳቄ መጣ፤ ተርፋሳ የኦቦ ደበላ ልጅ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይኼ ነው አልኳት። ሃዊ ግን አልሳቀችም።

«አዳዳ» አለችኝ። የአባት እህት ማለት ነው፤ እዚህ ሰፈር ያለ ወጣት ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «የሶፋው ነገር ብቻ አይደለም። እውነተኛው ኑሮ በቂ አስለቅሶናል። መንገድ ሲዘጋ አልቅሰናል፣ ሰው ወጥቶ ሲቀር አልቅሰናል። ሰው አንድ እሑድ እንኳን ሠርግ አይቶ ቤቱ ቢገባ ምን አለበት?»

ቤቴ ገብቼ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ፤ ልጅቷ እውነቷን ነው። እኔም ያለፉትን ዓመታት እዚሁ ነው የኖርኩት፣ ከማንም ያነሰ አላለቀስኩም። ግን ነቀምቴ እኮ ሠርጉን አንድ ጊዜ አይታዋለች። ኦቦ ደበላ መድረክ ላይ ድረውላታል፣ እልል ብላ ቤቷ ገብታለች፤ ቤቷ ስትገባ የራሷን ጠብ እንደተወችው ነው ያገኘችው። ይህን እያሰብኩ ስሄድ ልቤ ቆረጠ። በሕይወት ሳለሁ ሎሚ እስከ ወንዙ ትሄዳለች፣ ከወንዙም በኋላ ያለው ይታያል አልኩ። ጽሑፉን ከሻንጣ አውጥቼ ለሃዊ ሰጠኋት። የመጨረሻውን ክፍል አንብባ ይህን እስከ ዛሬ ለምን ደበቁን አለችኝ። አልደበቅኩም፣ አላስጨረሳችሁኝም አልኳት። ወደ ኦሮምኛ እኔው እመልሰዋለሁ፣ ተርፋሳን ግን እርስዎ ይቻሉት አለች።

የተርፋሳ ሱቅ ቫርኒሽ ይሸታል። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰላም አለኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። የመጣሁበትን ስነግረው ግን ፊቱን አጠቆረ። «ቲቸር፣ አባቴ አስታርቀው የዘጉትን ደም እርስዎ ሊከፍቱት ነው?»

እዚህ ላይ ሁሉም የሚያውቀውን፣ ማንም ፊቱ የማይናገረውን ነገር ልንገራችሁ። ተርፋሳ ቢፍቱ የምትባል ልጅ አለችው፤ አንድ የዲጋ ወጣት ወድዳ አገባች። የልጁ ወገኖች በድሮ ዘመን የተርፋሳን አጎት ካጠፋው ሰው ዘር ናቸው። ደሙ በኦቦ ደበላ እጅ በወጉ ታርቋል፤ የተርፋሳ ልብ ግን አልታረቀም። ልጁን ከቤት አስወጣት። እስከዚያ ቀን ስሟን አንሥቶ አያውቅም፣ እሷ ግን እዚያው ሁለት ልጅ ወልዳለች። ዲጋ ደግሞ እዚህ አፍንጫችን ሥር ናት፤ ሚኒባስ ተሳፍረህ ወሬህን ሳትጨርስ ትደርሳለህ።

«አባትህ የተጣላ ሰው ነው ያስታረቁት» አልኩት። «አንተ ሶፋ ላይ የተቀመጠች ሙሽራ ታስታርቃለህ። ቢፍቱስ?»

«የቤቴን ነገር ይተዉልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ተውኩለት። ግን ባዶ እጄን ልወጣ አልመጣሁምና ሌላ ነገር አቀረብኩ። ቴያትሩ እንደተጻፈው ይታይ፤ እንደ አባትህ አንድ ሰው ሣር ጨብጦ ከተነሣ ቴያትሩን እኔው ራሴ አስቆመዋለሁ፣ ሠርጉንም ሶፋውንም ታሳያላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ሎሚ አፌን አልከፍትም አልኩት። ተርፋሳ ፊቱ ፈታ አለ። እዚህ አገር ሰው አይነሣም ብለው ነው? ሣሩን ራሴ አስመጣለሁ አለኝ። ተጨባብጠን ተለያየን።

ዕለቱ እሑድ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። አዳራሹ ጢም አለ። መግቢያው መቶ ብር ነው፤ በሃምሳ ሳንቲሙ ዘመን በመቶ ብር በሬ ይገዛ ነበር። በኦሮምኛ ሆኖ ስሰማው በአማርኛ ስጽፈው ያልታየኝ ሁሉ ታየኝ፤ ሃዊ አዴ ጉደቱን ሳታውቃቸው አፋቸውን አግኝታዋለች። አጠገቤ ከጎንደር የተመደበች ነርስ ተቀምጣለች፤ የሥራ ባልደረባዋ በጆሮዋ በአማርኛ ይተረጉምላታል። ዴዴሳ ዛሬ አንሶላ አይደለም፣ ሰማያዊ መብራት ነው። ተርፋሳ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጧል። ያስመጣው ለምለም ሣር ከመድረኩ ጠርዝ እስከ ጫማው ድረስ ተጎዝጉዟል።

ጠቡ ተጀመረ። አንዱ ወደቀ፣ አባት ዱላውን አነሣ። ሃዊ ተዋናዩን ዱላውን ከፍ አድርጎ እንዲቆይ ነግራዋለች፤ ለመነሣት ጊዜ ይኑር ብለን በስምምነት ያደረግነው ነው። ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁና ዞርኩ። እጆች ተነሥተዋል፤ ስልክ የያዙ እጆች። ዱላውን እየቀረጹት ነው። ሽበት ያላቸው ሰዎች ነበሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ስንት ደም ያደረቁ ሰዎች ነበሩ። ከወንበሩ የተነሣ የለም። ዱላው ወረደ።

ስንት ዘመን የተመኘሁትን አገኘሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ አላለኝም። ኦቦ ደበላን ለዓመታት ስረግማቸው የኖርኩት ሴት ያን ቀን ካፖርታቸው ናፈቀኝ። ተነሥቼ ልግባ እንዴ እስክል ድረስ ጉልበቴ ተንቀሳቀሰ። ግን ቃል ቃል ነው፤ ደግሞም የቀረውን ማየት ነበረባቸው። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ሎሚ ወንዙ ዳር ቆማ እህቷን ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመጡት ብላ ትጠይቃታለች። እህቷም ነገ ይመጣሉ ትላታለች። ሎሚ ውኃውን አየችና ገባች። ከወዲያ ማዶ ፈይሳ ገባ። ሰማያዊው መብራት ጭናቸውን፣ ወገባቸውን፣ አንገታቸውን አለፈ፤ ጠፉ። ከዚያ ነቀምቴ ያላየችው መጣ። ይነጋል። ከሁለቱም ማዶ ሽማግሌዎች ሣር ጨብጠው፣ ነጭ ለብሰው ይደርሳሉ። ቀደም ብለው ሊመጡ አስበው ነበር፤ አንዱን ቀን ገበያ ነው ብለው አሳለፉት፣ ሌላውን ቀን ዝናብ ነው ብለው። ሁለት እናቶች በሁለት ዳር ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ሽማግሌዎቹ የሚያስታርቁት ሰው አጥተው ይቆማሉ፤ ታላቁ ሣሩን ውኃው ላይ ይጥለዋል። መብራቱ ጠፋ። ያጨበጨበ የለም። ብዙ ቆይቶ ከመሐል አንዲት ሴት ስታለቅስ ተሰማ፤ ያኔ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ።

ውጭ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ተርፋሳ ከሰዉ ተነጥሎ ወደ እኔ መጣ። ቀኝ እጁ ሣር ጨብጧል፤ አሁንም መያዙን ያስተዋለ አይመስለኝም፣ ሣሩን ላብ አርሶታል።

«መጨረሻው ላይ ሽማግሌዎች እንደነበሩ አላውቅም ነበር» አለኝ። «እኔም ልነሣ ነበር። ሣሩን ይዤ ሌላ ሰው እስኪነሣ ጠበቅሁ።»

«አዳራሹ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ አንተን ጠበቁ፤ የኦቦ ደበላ ልጅ አይደለህ?»

ሃዊ ከበሩ ላይ ሆና ታየናለች፣ ሰው እየተቃቀፈ ይወጣል። ተርፋሳ መሬት መሬት እያየ፣ ነገ ዲጋ እሄዳለሁ አለ።

«እነዚያም በማግስቱ ነው የመጡት» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ለእርቅ ብቻውን የሚሄድ የለም፣ ዛሬ እሑድ የት ሽማግሌ አገኛለሁ አለ። ይኸው ነጭ ፀጉሬ፣ ምን ጎደለው አልኩት። ሴት ሽማግሌ ያስቀው እንደሆነ ጠበቅሁ፤ አልሳቀም፣ መኪናውን ከፈተልኝ።

ወደ ዲጋ ነዳ። ግራና ቀኝ በቆሎው ቁመቱን ጨርሶ ቆሟል። ዲጋ ገብተን ሁለቴ ሰው ጠየቅን፤ ተርፋሳ የልጁን ቤት አያውቀውም። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው አሉን። ከበሩ ስንደርስ ተርፋሳ ከኋላዬ ቀረ። እኔ አንኳኳሁ። ከውስጥ የሕፃን ሳቅ ተቋረጠና የሴት ድምፅ «ኤኙ?» አለ፤ ማነው ማለቷ ነው። በወጉ መጀመሪያ የሚናገረው መሐል የገባው ሽማግሌ ነው። እኔ ግን ሆነ ብዬ ዝም አልኩ። ድምፁ ደግሞ ጠየቀ። ዞሬ ተርፋሳን አየሁት፤ ወደ በሩ ቀረበ።

«አባኬ» አለ። አባትሽ።

ከውስጥ ወንበር ሲገፋ ሰማን።